ጀርባዋን ሰጥታ የምትቀመጠው ድመት

ይድረስ ለምራቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? እዚያ መድኃኒት ቤት ቀኑን ሙሉ ቆመሽ መዋልሽን ሳስብ ይከነክነኛል። ወንበር ይስጡኝ በይ ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ፤ አንቺ ደግሞ ለሰው ሲሆን እንጂ ለራስሽ ሲሆን አፍ የለሽም። የተከራየሽው ቤት ጣሪያስ ማፍሰሱን ተወ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቂው አመለኛ ነው፤ ደረጃውን ስወርድ ዝም ይልና ስወጣ ያጉረመርማል። ድመታችን ሚጢጢም ደህና ናት። አሁንማ ሚጢጢ ብዬ ስጠራት እኔኑ ያስቀኛል። ወንበር ሞልታ ተቀምጣ ያያት እንግዳ ሁሉ ስሟን ሲሰማ አፉን ይዞ ይስቃል።

ስልክ ልደውልልሽ አስቤ ነበር። በስልክ ግን አንቺ «ደህና ነኝ እማዬ» ትያለሽ፣ እኔ «ተመስገን» እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም የምንለው ይጠፋንና ይዘጋል። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም፤ የሆዴን ሳልጨርስ አልለቅሽም።

ድምፅሽን ካጠፋሽ ከረምሽ። ድሮ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ድመቷን ለማየት ትመጪ ነበር፤ እኔም ቤቱን ጠርጌ፣ ቁርጥራጭ ጨርቁን ከወንበሮቹ ላይ አንስቼ እጠብቅሽ ነበር። መጨረሻ የመጣሽ ዕለት የሆነውን አልረሳሁትም። ሚጢጢን ልታቅፊያት እጅሽን ስትዘረጊ ሾልካ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወጣችና ጀርባዋን ሰጥታሽ ቁጭ አለች። ደግመሽ ጠራሻት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። «እማዬ፣ ረሳችኝ እኮ» አልሽኝ። እየሳቅሽ ነው የተናገርሽው፤ ድምፅሽ ግን ሳቅ አልነበረበትም። ሻይሽን ሳትጨርሺ ቦርሳሽን አንስተሽ ወጣሽ።

ይኸው ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ የራስ ምታት ኪኒን ልትገዛ መጥታ አግኝታሽ ነበር አይደል? እሷ እንደሆነች ወሬ አታሳድርም። «ለምን ጠፋሽ?» ብትልሽ «ድመቷም ፊት ነሳችኝ፤ ከእንግዲህ ምን ብዬ እሄዳለሁ?» ብለሽ መለስሽላት አሉ። «ድመቷም» ያልሽው ነገር ሌሊቱን ሁሉ ሲከነክነኝ አደረ።

እንግዲህ ስሚኝ። ድመቷ አልረሳችሽም። ከየት አወቅሽ ብትይኝ ቁጭ ብዬ ላስረዳሽ።

በጃኬትሽ እጅጌ ውስጥ ከተሽ ያመጣሻት ጊዜ ትዝ ይልሻል? ያኔ አንቺ፣ ልጄና እኔ ሦስታችንም እዚሁ ቤት ነበርን። ከመድኃኒት ካርቶን መሃል ነው ያገኘኋት ብለሽ ከእጅጌሽ ስታወጫት ከክር ጥቅል አትበልጥም ነበር። የዛሬን አያድርገውና፣ ሙጫ ነበረች። ሽንኩርት ስትከትፊ ትከሻሽ ላይ፣ ስትተኚ አንገትሽ ሥር፤ ገላሽን ስትታጠቢ ደግሞ በሩ ሥር ተቀምጣ ሰው የሞተባት ይመስል ታለቅስ ነበር። የጆሮሽን ጫፍ እንደ ጡት ስትጠባ ልጄ አይቶ «ይቺ ድመት አንቺን ነው እንዴ ያገባችው?» እያለ ይቀልድ ነበር። ያ ጊዜ ደግ ነበር። እናንተ ሁለታችሁ በምን እንደተለያያችሁ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም፣ ዛሬም አልጠይቅም። አንቺም ሄድሽ፣ እሱም ለሥራው ይቀርበኛል ብሎ ወጣ፤ አከራይሽ እንስሳ አላስገባም ስላለ ሚጢጢ ለእኔ ቀረች።

እኔ ድመት ወዳጅ እንዳልነበርኩ ታውቂያለሽ። እሷ ግን አልጠየቀችኝም። አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ ስፌት መኪናው ላይ ስቀመጥ ጭኔ ላይ ወጥታ፣ የምሰፋውን ጨርቅ እንደ ብርድ ልብስ ተከናንባ መተኛት ጀመረች። እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ፔዳሉን በጣቶቼ ጫፍ ነበር የምረግጠው። አንድ ቀን የደንበኛ መጋረጃ ጠርዝ እየቀመቀምኩ፣ እሷን ላለማንቃት ጨርቁን ሳላነሣ ብሰፋ፣ ብሰፋ፣ መጨረሻ ላይ ልነሣ ስል መጋረጃው አብሮኝ ተነሣ። ለካ ከቀሚሴ ጋር ሰፍቼዋለሁ! ደንበኛዬ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፣ እኔ መጋረጃዋን ለብሼ መቀስ እፈልጋለሁ። በወሩ ስትመጪ ይሄን ነግሬሽ ሆድሽን ይዘሽ እንዴት እንደሳቅሽ! ያን ዕለት እንኳ አንቺን ስታይ ዘላ ነው አንገትሽ ላይ የተጠመጠመችው።

ከዚያ ዓመት ሲሞላት አመሏ ይለወጥ ጀመር። መጀመሪያ አንገቴ ሥር መተኛቱን ተወች፤ ከእግሬ በኩል ሆነች። ቀጥላ ከአልጋው ወርዳ ወንበር ላይ። ጭኔን መታ መታ እያደረግኩ ብጠራት ዓይታኝ ትሄዳለች። ሳቅፋት ትንሽ ትታገሠኝና፣ ልክ እንግድነት እንደበቃው ሰው፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይላሉ፤ የእኛዋ ሳትመነኩስ ረሳችው። ፀጉር ሠሪዋን ባማክራት «ድመት ቤቱን እንጂ ሰውን አትወድም፤ ምን አስለፋሽ» አለችኝ። አልዋሽሽም፣ ተቀየምኩ። ከድመት ጋር የተኳረፈ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ነበርኩ። ምግቧን አስቀምጬ ሳላናግራት የምሄድበት ቀን ነበር። እሷ መኳረፋችንን እንኳ አላወቀችም።

በኋላ ደግሞ ታማ ይሆናል ብዬ ፈራሁና በቅርጫት ይዣት ወደ እንስሳት ሐኪሟ ሄድኩ። ወጣት ልጅ ናት፣ እጇ ደህና ነው። አፏን ከፈተች፣ ሆዷን ዳበሰች፣ ከዚያ «እማማ፣ ምንም አልሆነችም፤ አደገች እንጂ» አለችኝ። «ማደግ ማለት ያሳደገሽን ሰው መሸሽ ነው?» ብላት ሳቀች። በኋላ ግን ጓንቷን አውልቃ በደንብ አስረዳችኝ። «ትንሽ ሳለች ሙጭጭ የምትልብዎት ስለሚበርዳት፣ ስለሚርባት፣ ስለምትፈራ ነው፤ እናቷ አድርጋዎት። አሁን አትፈራም። አጠገብዎ ከተቀመጠች ወዳ ነው እንጂ ቸግሯት አይደለም» አለችኝ። ጀርባዋን የመስጠቷንም ነገር ጠየቅኳት። ድመት ጀርባዋን የምትሰጠው ለምታምነው ሰው ነው፤ የምትጠረጥረውንማ ዓይኗን አትነቅልበትም አለችኝ።

አላመንኳትም፤ ግን ቤት ገብቼ ማየት ጀመርኩ። እውነትም እኔ ኩሽና ስገባ ኩሽና ናት፣ ሳሎን ስወጣ ሳሎን ናት፤ ሁልጊዜ አንድ ክንድ ያህል ርቃ፣ ሁልጊዜ ሌላ ነገር የምታይ መስላ። ስስል አንድ ጆሮዋ ብቻ ወደ እኔ ይዞራል። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ዓይኗን ቀስ አድርጋ ትጨፍንና ትከፍታለች፤ ሐኪሟ ይሄ የድመት ፈገግታ ነው ብላኛለች፤ አሁን እኔም እመልስላታለሁ። ማታ መቀሱን አስቀምጬ መብራቱን ሳጠፋ ትመጣና ጉንጯን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አንድ ጊዜ አሻሽታ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያቺን አንድ ጊዜ ግን አስቀርታብኝ አታውቅም። ያኔ ቀኑን ሙሉ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስትውል ያላየሁትን ነገር አሁን አያለሁ፤ ዕድሜዬ ያመጣው ይሁን አይሁን አላውቅም።

አሁን ወደዚያ ዕለት ልመልስሽ። በሩን ዘግተሽ እንደወጣሽ ሚጢጢ ከጠረጴዛው ወረደች። አንቺ የተነሣሽበት ወንበር ላይ ወጥታ አሸተተችው፣ ዞረችበት፣ ተጠቅልላ ተኛች። የሻይሽን ብርጭቆ ላነሣ ብጠጋ ቀና ብላ አላየችኝም። ማታ ቁርጭምጭሚቴ ጋ የመጣችው ዘግይታ ነው፤ ደርሳ ተመልሳ እዚያው ወንበር ላይ ነው ያደረችው። በማግስቱም ራቷን እዚያው ወንበር ድረስ ወሰድኩላት፤ አይፈረድብኝም። የረሳሽ እንስሳ እንዲህ አያደርግም፣ ልጄ። ጀርባዋን የሰጠችሽ አድጋ ነው። ቶሎ ወጣሽባት እንጂ፣ ብትቆዪ ኖሮ በራሷ ሰዓት ትመጣልሽ ነበር።

ይሄ የድመቷ ነው። «ድመቷም» ብለሻልና፣ የቀረውን ደግሞ እኔ ልመልስ።

ያን ዕለት እኔም ከመኪናዬ ላይ ቀና ብዬ አላየሁሽም። ስታወሪኝ አዎ፣ አይ፣ እያልኩ መርፌውን ነበር የማየው። የምሰፋውን አረንጓዴ መጋረጃ አይተሽ «የማን ነው? ቀለሙ ያምራል» አልሽኝ፤ እኔም «የደንበኛ ነው» አልኩሽ። አንቺም እንደ ድሮው ተነሥተሽ አንዱን ጫፍ ያዝሽልኝ፣ አብረን ለካነው። ስሚኝ፣ ያ መጋረጃ የደንበኛ አልነበረም። ልጄ ሊያገባ ነው። ለሚገቡበት ቤት ነው ያሠራኝ። ጫፉን ይዘሽ ፊት ለፊቴ ቆመሽ ሳለ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ የመጋረጃውን ልክ ነገርኩሽ። ምን ብዬ ልንገርሽ? ዓይንሽን ካየሁ እንደማለቅስ ስላወቅኩ ነው ያላየሁሽ። አንቺ ግን ድመቷም እኔም በአንድ ቀን ጀርባችንን የሰጠንሽ መሰለሽ። ከሌላ ሰው ሰምተሽውም እንደሆነ፣ ከእኔም ስሚው።

የሚያገባትን ልጅ አልጠላኋትም። አንድ ሁለቴ መጥታ ነበር፤ ጨዋ ናት፣ ለሰው ታዝናለች። ምንም አላጠፋችብኝም፤ የሷን ድርሻ ለሷ እሰጣለሁ።

ልጄ ግን መጋረጃውን ሊወስድ የመጣ ዕለት ቁልቁል እያየ አንድ ነገር አለኝ። «እማዬ፣ ከእንግዲህ እሷ እዚህ መመላለሷ ጥሩ አይደለም። ድመቷን ስጫትና ይብቃ። ደግሞስ አሁን አንቺና እሷ ምናችሁ ነው?» አለኝ። እንዲህ ፂም አውጥቶ፣ ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ደርሶ፣ ገና የከርሞ ጥጃ ነው። መጋረጃውን እያጠፍኩ ነበር፤ አጥፌ ጨረስኩ። ከዚያ እጁ ላይ አስቀመጥኩለትና «የፈታሃት አንተ ነህ፤ እኔ መቼ ፈታኋት?» አልኩት። ተሸክሞት ደረጃውን ወረደ።

እንግዲህ ምርጫው የአንቺ ነው፤ እኔ አልጫንሽም። ሚጢጢን ልውሰድ ካልሽ፣ አከራይሽንም ካስማማሽ፣ ያንቺው ናት፤ ቅርጫቱም አለ፣ አልከለክልሽም። መምጣት ከብዶኛል ካልሽም ይገባኛል፤ እኔም ብሆን ይከብደኝ ነበር። ግን እሷን ለማየት ብለሽ እንደምትመጪ አድርገን ይሄን ያህል ጊዜ መቆየታችን አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ድመት ባይኖረንስ ኖሮ ምን ልናደርግ ነበር? ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ልጄ። መኪናው ሲቆም በጣም ጸጥ ይላል። ናፍቀሽኛል፤ በቃ፣ ይሄው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ የሚቀጥለውም ቅዳሜ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም።

ፈጣሪ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። ወገብሽን ያበርታልሽ። ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርሽ፤ የሚያስቅሽ ሰው ይስጥሽ። ሲሰጥሽም ደብቀሽ እንዳትይዢው፤ ይዘሽው ነይና ልየው፤ ቀላል ሰው እጅ ላይ አልጥልሽም።

አማትሽ