ጀርባችንን ለወደቡ ሰጥተን

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

ውድ የልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? እኛ ደህና ነን። ይህን ያስቀደምኩት የሚከተለውን ስታነብ ልብህ ቀጥ እንዳይል ብዬ ነው።

ቅዳሜ የሰፋኋቸውን መጋረጃዎች ማዶ ላለው ሆቴል አድርሰን በባለሸራዋ ጀልባችን ስንመለስ፣ ሚጢጢ ሬዲዮው ተንጫጫብኝ ብላ ልትዘጋው ነበር። እጇን ያዝኳት። ዘፈኑን የሚቆራርጠው መብረቅ እንደሆነ አንተ አይደለህ የነገርከኝ? ዞር ስል በግራችን ደመናው ተቆልሏል፤ ሥሩ ጥቁር፣ አናቱ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ። ነፋሱ ጸጥ አለ። ወዲያው ቀዝቃዛ አየር ፊታችንን መታን።

ወደቡ ፊት ለፊት ይታያል፤ የቤታችን ጣራ ሳይቀር። ሚጢጢ እያለቀሰች ወደ ቤት እንሂድ አለች። የእኔም ልብ ወደዚያው ነበር። ግን ወጀቡ የሚደርስብን ወደቡ አፍ ላይ፣ አምና ከወንድምህ ጋር ሸሽታችሁ ስትገቡ እሱን የነጠቀን ድንጋይ ዘንድ እንደሆነ ገባኝ።

«አይሆንም፤ ወደ ውጭ፣ ወደ ሰፊው ውሃ ነው የምንወጣው» አልኳት።

የመንሳፈፊያ ጃኬቷን አጠበቅኩላት፤ ወገቧንም በገመድ ከጀልባዋ ጋር አሰርኩት። ከምሰሶው እንድትርቅ፣ ብረት የሚባል እንዳትነካ ነግሬያት ሸራውን ማውረድ ጀመርኩ። ግማሹ ሲቀረኝ ነፋሱ ደረሰና ተረተረው። የቀረውን እንደምንም ጎትቼ ጠቀለልኩት፤ ሞተሩን አስነስቼ ጀርባችንን ለወደቡ ሰጠሁ።

መብረቁ ውሃው ላይ ሲወርድ ሚጢጢ ጉልበቴ ሥር ተሸጉጣ፣ «አባዬ ቢኖር ምን ያደርግ ነበር?» አለችኝ።

«ይሄንኑ» አልኳት።

ወጀቡ ካለፈ በኋላ ዞረን በሰላም ገባን። ስማኝ እንግዲህ። ከወንድምህ ቀብር በኋላ ግድግዳ ግድግዳውን እያየህ «ወደ ውጭ ብወጣ ኖሮ» ስትል እሰማህ ነበር። ወጀብ ያየ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ አንተም የሮጥከው ልታተርፈው ነው። እኔ አንድ ቀን እንኳ አልወቀስኩህም። ያ እንቅልፍ የነሳህ ነገር ልጅህን አተረፈልህ፤ አንተ ግን ውሃ የማይታይበት ከተማ ገብተህ ራስህን ትቀጣለህ። ይኼ ያናድደኛል።

ሸራው ከላይ እስከ ታች ተቀዷል። ሚጢጢ፣ እናቴ ልብስ ሰፊ አይደለችም እንዴ እያለች ታሾፍብኛለች። እኔ ግን ይህን አባትሽ እንጂ እኔ አልችልበትም ብያት፣ አጥፌ አልጋህ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ባለህበት በሰላም ያቆይህ፤ ከተነሳህም መንገድህን ቀና ያድርግልህ።

የሚጢጢ እናት