በማልመልስበት ሞገድ ላይ

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ክቡር ሻምበል ሆይ፤ ፊትዎን አንድ ቀን እንኳ ያላየሁ፣ ድምፅዎን ግን ከዚያ ከአጋሮ ተነሥቶ፣ ወንዝና ተራራ ተሻግሮ፣ መርሳ ካለው ቤታችን ጓዳ ድረስ በየምሽቱ ሲገባ እየሰማሁ ያረጀሁ፤ ወዳጅነትዎ እንደ ደኅና ማር ሲቆይ እየጠራ የሄደልን፤ ባለቤቴን እንድሪስን ከእናት ልጅ አብልጠው የወደዱት፤ ጨዋታ ዐዋቂው፣ ሰዓት አክባሪው፣ ቃልዎ የማይታጠፈው ሰው ሆይ፤ ዛሬም ጠሩት። ሰማሁዎ። እንድሪስ ሞቷል።

ይህን በአፌ ልነግርዎ ስለማልችል እዚህ ጻፍሁት።

እርሱ ካረፈ ወዲህ ራዲዮው በነጠላ ተሸፍኖ ነበር፤ የሐዘን ቤት ራዲዮ አይከፈትምና። ዛሬ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የገለጥሁት ለጆሮዬ ደስታ ሽቼ ሳይሆን፣ ለከፍተኛው የራዲዮ ፈቃድ ፈተና ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ ለይቼ ለማጥናት ነበር። ገና ሳበራው የእርስዎ ድምፅ ተቀበለኝ።

«እንድሪስ! አንተ እንድሪስ! ከማንጎህ ላይ ጦጣ ልታባርር ወጥተህ ቀረህ? ወይስ አንቴናህን ነፋስ ወሰደው? ና እንጂ አንተ ሰው!»

እጄ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደ። መለስሁት። የእኔ ፈቃድ ዝቅተኛው ነው፤ በእርሱ ከወልድያ ወይም ከሐራ ካለ ሰው ጋር መነጋገር እችላለሁ እንጂ፣ በአጭር ሞገድ ወደ ሩቅ አገር መናገር አይፈቀድልኝም። መስማት ለማንም ክልክል አይደለም። መመለስ ግን፣ በአካባቢያችን ከፍተኛ ፈቃድ ያለው እርሱ ብቻ ነበርና፣ የእንድሪስ ነበር፤ የእርሱም ከፍተኛ ፈቃድ ከእርሱ ጋር ዐብሮ ዐረፈ።

ስልክዎን አላውቀውም። ሁለታችሁ «በራዲዮ የተዋወቀ በስልክ አይቀልም» ተባብላችሁ ቁጥር አልተለዋወጣችሁም። ያኔ ያስቀኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 17

እትዬ ሐዋ፣ የእንድሪስ ታላቅ እኅት፣ ለለቅሶው ከግራና መጥተው ብቻዬን እንዳልሆን ዐብረውኝ የተቀመጡ፣ ራዲዮው ፊት ቁጭ ብዬ አገኙኝ።

«አንቺ ዘሐራ! የሙት ቤት ራዲዮ ይከፈታል? ባሏን ቀብራ ዘፈን ታዳምጣለች እንዲሉሽ ነው?»

«ዘፈን አይደለም እትዬ። ሰው ነው የሚጣራው።»

«ማንን?»

«እንድሪስን።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጓሮ ወጡ። እኔም አልተከተልኋቸውም።

ማታ እንደገና ጠሩት፤ ቀልዱ ግን ከድምፅዎ ወጥቶ ሄዷል። «እንድሪስ፣ ያቺ ያልሁህ ነገር ከነከነችህ እንዴ? ‹ድምፅህ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል፤ በቃህ፣ ሂድና ተኛ› ማለቴ እኮ ለጨዋታ ነው። ተቀይመህ ከሆነ ይቅር በለኝ፤ ከቀልድ በቀር ምን ዕቃ አለኝ?»

ሻምበል፣ ይህን ያህል ጊዜ ይህን ተሸክመው ኖረዋል? እንድሪስ ያን ምሽት ከራዲዮው ተነሥቶ ወደ እኔ ሲመጣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ እየሣቀ ነበር። «ይህ ሻምበል በር አደረገኝ እኮ!» አለኝ። ትንሽ ሾርባ ቀመሰ፤ ተኛ፤ ለሱብሂ ሶላት ስቀሰቅሰው አልተነሣም። የመጨረሻ ሣቁን የሰጡት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ግን የመጨረሻ ቅያሜውን የሰጡት መስሎዎታል።

እንግዲህ ፈተናውን ማለፍ አለብኝ።

ሰኞ፣ ጥር 18

ዕድሜዬን ሙሉ ለመርሳ ልጆች ሰዋስው ሳስተምር የኖርሁ፣ ዐረፍተ ነገር ቢረዝም መጨረሻው የማይጠፋኝ፣ ቁጥር ግን ከሦስት ሲበልጥ የሚያዞረኝ ሴት ነኝ። እንድሪስ በስልክ ማማ ጥገና ጡረታ የወጣ ሰው ስለ ነበር ለእርሱ ይህ ሁሉ የእጁ መዳፍ ነበር። ለሁለታችን የሚሆን ፈቃድ እንዲኖር፣ «አንዳችን ብንታመም ቤቱ ዲዳ አይሁን» ብሎ ለዚህ ፈተና ያስመዘገበኝ እርሱ ነው። አብረን ምዕራፍ ስድስት ደርሰን ነበር።

ዛሬ የያዝሁት፦ ቮልት ማለት አምፔር በኦም ሲባዛ። የአንቴናው ሽቦ የሞገዱን ግማሽ ያህል ይረዝማል፤ የእኛው ከጣራው እስከ ዋንዛው የተወጠረው ልክ ይኸው ነው። ነጎድጓድ ሲመጣ ሽቦውን መንቀል።

ያልያዝሁት፦ ምዕራፍ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ።

ሌላ ጭንቀት አለ። ፈታኙ ወደ ወልድያ የሚመጣው ረቡዕ ነው፤ ሁለተኛ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። እኔ ደግሞ በዒዳ ላይ ነኝ፤ ባልዋ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን በቤቷ የምትቀመጥበት ጊዜዬ ገና አላለቀም። ሸህ ይማምን አስጠርቼ ከመጋረጃ ወዲህ ሆኜ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ ዘሐራ፣ ሽርሽር ነው ወይስ ጉዳይ?»

«ጉዳይ ነው፣ ሸሃችን። ስለ እንድሪስ መርዶ ያልደረሰው ሰው አለ።»

«ለጉዳይ ቀን መውጣት ተፈቅዷል። ማታ ግን ቤትሽ እደሪ። ጀንበር መንገድ ላይ እንዳታገኝሽ፤ አላህ ያግራልሽ» አሉኝ።

አልሐምዱሊላህ። ትንሽ ሾርባ ጠጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

አንዱም ነገር አልገባ አለኝ። ምዕራፍ ስምንት ላይ በኅዳጉ የእንድሪስ እርሳስ ምልክት አለ፤ እርሱን ሳይ ቃላቱ ሁሉ ውኃ ሆኑ።

አመሻሽ ላይ እትዬ ሐዋ ሳልጠራቸው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። «እስቲ አሰሚኝ» አሉ። ከፈትሁላቸው። እርስዎም፣ ሻምበል፣ ያለ ጨዋታ፣ ሐኪም ፊት እንደ ቀረበ ሰው ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «እንድሪስ፣ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ ብያለሁ። ይቅር ባትለኝም ደኅና ነኝ በለኝ» አሉ።

እትዬ ሐዋ የወንድማቸውን ስም ከማያውቁት ሰው አፍ ሲሰሙ እንባቸው ዐመለጣቸው። ከዚያ ተቆጡኝ።

«ምነው ይህን ሽማግሌ አታሳርፊው? ያው መናገሪያው! ተናገሪው!»

«አልተፈቀደልኝም፣ እትዬ።»

«ለመርዶ ፈቃድ ይጠየቃል?»

እንድሪስ በዕድሜው አንዲት ቃል ያለ ፈቃድ በሞገድ ላይ አልተናገረም፤ «ሞገድ የሁሉ ጎዳና ነው፤ ማንም እንደ ፈለገ ከብት አይነዳበትም» ይል ነበር። ደግሞስ ብያዝና ራዲዮውን ቢወስዱት፣ ከአንዲት ቃል በኋላ ለዘለዓለም ዝም ልልዎት ነው? ይህን ሁሉ ልነግራቸው ፈልጌ፣ «ነገ አልፌ እነግረዋለሁ» ብቻ አልሁ።

«ኢንሻአላህ በይ» አሉኝ።

ኢንሻአላህ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

አለፍሁ።

ጠዋት እትዬ ሐዋ መንገድ ላይ ሰው በወሬ ይዞኝ ያጠናሁት እንዳይጠፋኝ ፈርተው እስከ ሚኒባሱ ሸኙኝ። ሲሪንቃን ስናልፍ ስለ ሞገድ የያዝሁት ሁሉ ከራሴ ወጣ፤ ወልድያ ስንገባ ከፊሉ ተመለሰ። ፈታኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ለስላሳ ወጣት ነው፤ ጥቁር ልብሴን አይቶ ወንበር ሰጠኝ። ስለ ኦም ሁለቱን ተሳሳትሁ። ስለ አንቴናው ዋንዛውን በዓይነ ኅሊናዬ እያየሁ አንዱንም አልሳትሁ።

ወደ መጨረሻው ገደማ እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ፦ ከፍተኛ ፈቃድ ያለው ሰው ሲሞት በጣቢያው በአጭር ሞገድ ማን ሊናገር ይችላል? ሀ፣ ሚስቱ። ለ፣ ልጁ። ሐ፣ ወንድሙ። መ፣ ማንም አይችልም።

ያንን ብቻ ሳላሰላስል መለስሁት። «መ»ን ከከበብሁ በኋላ ግን እስክሪብቶውን ለማንሣት ብዙ ቆየሁ።

ፈታኙ እዚያው አረመልኝ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ እናቴ። ወረቀቱ ከአዲስ አበባ በወር ውስጥ ይደርስዎታል፤ እስከዚያ እንዳይናገሩ። በራዲዮ የሚጠሩበት መጠሪያዎም አዲስ ይሆናል፤ የባለቤትዎ መጠሪያ ይዘጋል።»

የዘነጋሁት ይህንን ነበር። እርስዎ የእንድሪስን መጠሪያ እየጠበቁ፣ እኔ እንደ ባዕድ በሌላ ስም ልመጣ ነው።

ስለ እርስዎ ነገርሁት። አዘነ። «ቁጥራቸውን ልሰጥዎት አልችልም፤ ግን ቢሮ ስመለስ ፈልጌ ልደውልላቸውና የባለቤትዎን መሞት ልንገራቸው?» አለኝ። እኔም፣ መርዶ እንደ ዕቃ መምጣት በስልክ የማይነገር፣ ሰውየው ተቀምጦ፣ ዘመድ ከብቦት፣ ከሚያውቀው አፍ ቀስ ተብሎ የሚሰማው ነገር ነው ብዬ የማምን፣ በዚህም ላይ ያንን የእንድሪስን ሣቅ ከእኔ በቀር የሚነግርዎት እንደሌለ የማውቅ ሴት፣ «አይሆንም ልጄ፣ እኔው እነግራቸዋለሁ» አልሁት። የራሱን ስልክ ቁጥር ጽፎ ሰጠኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቴ ደረስሁ። ደክሞኝ ራዲዮውን ሳልከፍት ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

እትዬ ሐዋ ከእኔ ቀድመው ራዲዮው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ገና ስከፍተው እርስዎ መናገር ጀምረው ነበር፣ ሻምበል።

«...ትናንትም ጠብቄህ ነበር። እንግዲህ ገባኝ። ሰው ወዳጁን በጨዋታ ካስቀየመ አፉ ሊዘጋ ይገባዋል። ከነገ ጀምሮ አልጠራህም፣ እንድሪስ። ራዲዮውን ሸፍኜ ቁም ሣጥን ላይ አወጣዋለሁ። ዘሐራን ሰላም በልልኝ። ደኅና ሁን።»

ከዚያ የነፋስ ድምፅ የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ።

ማይክሮፎኑን ይዤ ነበር። እትዬ ሐዋ እጄን አላስለቀቁኝም፣ ተናገሪም አላሉኝ። የመናገሪያውን ቁልፍ ነክቼ መልሼ ለቀቅሁት፤ እንደገና ስነካው ደግሞ እርስዎ ዘግተው ሄደዋል። ሕጉን አክብሬ ነው ወይስ አቅቶኝ፣ እኔም ለይቼ አላውቀውም።

ወዲያው የፈታኙን ልጅ ስልክ ቁጥር አወጣሁ፤ ትናንት እምቢ ያልሁትን መርዶ ዛሬ በስልክም ሆነ በማን አፍ ይነገርልኝ ልለው። ኔትወርክ የለም። ጎረቤት ቤትም የለም። በመርሳ ሙሉ የለም አሉ። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። እትዬ ሐዋ ነገ ማልደው ቁጥሩን ይዘው ወደ ወልድያ ሊሄዱልኝ ተነሥተዋል፤ እዚያም ይኑር አይኑር እንጃ።

ሻምበል፣ እርሱ አልተቀየመዎትም። እየሣቀ ነው የተኛው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፦ ወረቀቴ እስኪደርስ፣ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ፣ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ራዲዮዎን ክፍት ያድርጉልኝ።