ፊርማዬና የጉማራ ዓሣ

ሰኞ

እስከ ዓርብ ፈርሚ ተባልኩ። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። ዓሣ በሚራባበት የክረምት ወራት በወንዝና በወንዝ አፍ መረብ መጣልን የሚከለክለው መመሪያ ይነሣል ይላል፤ ፍልሰታ ስለደረሰና ከገበያ ዓሣ ስለጠፋ። ከሥሩ «ጉዳት እንደሌለው የባለሙያ አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ሐይቅ በሌለበት ደብረ ታቦር የዓሣ ባለሙያ ከሆንኩ ስድስት ዓመቴ። ሥራሽ ምንድን ነው የሚለኝ ሁሉ መልሴን ሰምቶ ይስቃል። በዚህ ሳምንት ግን ተፈላጊ ሆኛለሁ።

ኃላፊዬ አቶ ይርጋ ክፉ ሰው አይደሉም። ከላይ እሳቸውን ይወተውቷቸዋል፣ እሳቸው እኔን። ሐሙስ የሕዝብ ውይይት ስላለ ጥሪውን አዘጋጂ አሉኝ።

የሚጠሩት፦ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር፣ ሆቴል ቤቶች፣ ገበሬዎች። ካህናትንም ጨመርኩ፤ ይሄ የራሴ ሐሳብ ነው። በዚህ አገር ያረጀ ዛፍ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ዛፍ የጠበቀ ለዓሣም ይቆማል ብዬ ነው። በራሴ ትንሽ ኮራሁ።

ማክሰኞ

ወደ ጉማራ ወንዝ ወረድኩ። ዝናብ፣ ጭቃ። ሁለት ጊዜ ወርደን መኪና ገፋን። ወንዙ ከጉና ተራራ ያመጣውን አፈር ይዞ ደፍርሷል። ነጩ ዓሣ ከጣና ሽቅብ የሚወጣው አሁን ነው፤ እንቁላሉን በወንዙ ላይኛው ክፍል ጠጠር ላይ ሊጥል። በወንዙ አፍ መረብ ከተዘረጋ ሳይጥል ይያዛል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የማኅበሩን ሊቀመንበር አያ ሙላትን ታንኳቸው አጠገብ አገኘኋቸው። ክልከላው ከወጣ ጀምሮ ክረምት ሲገባ መረባቸውን አጥፈው ይሰቅላሉ። ወጣቶቹ አባላት ይከፈትልን እያሉ ነው አሉኝ። አልፈረዱባቸውም፤ የሚያርሱት መሬት የላቸውም። እሳቸው ግን ሐሙስ መጥተው ሊናገሩ ቃል ገቡልኝ።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ጉም። የምናገረውን ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጻፍኩ።

አቶ ይርጋ በር ላይ ቆመው ፈረምሽ ወይ አሉ። ገና ነኝ አልኩ። ባለፈው ዓመት ሌላ ወረቀት አልፈርምም ያለው ባልደረባዬ ዛሬ የሚሠራው ሩቅ፣ እብናት ነው። እኔ ብዛወር እናቴን ማን ሆስፒታል ያመላልሳታል? ይህን እያሰብኩ ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ። ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ሐሙስ

ጥፋቱ የእኔ ነው። የጥሪውን ርእስ ፈርሚ ከተባልኩት ወረቀት ገልብጬ «በፍልሰታ ጾም ስለሚኖረው የዓሣ አቅርቦት» ብዬ ነበር። ካህናቱ ከጠበቅኩት በላይ መጡ፤ መጻሕፍትም ይዘዋል። ውይይቱ ገና ሲከፈት አንድ መሪጌታ ተነሡና፣ መጀመሪያ ዓሣ ጾም ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም የሚለው ይለይ አሉ። በቃ። እስከ ምሳ ግዕዝ ሲጠቀስ ዋለ። ባለሆቴሎቹ አያስገድፍም ከሚሉት ጋር ወገኑ። ያስገድፋል የሚሉት ሳያውቁት የእኔ ደጋፊዎች ሆኑ። ስለ ወንዙ ግን ያነሣ የለም። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ በገዛ ራሴ ተናደድኩ።

አያ ሙላት እጃቸውን እንዳወጡ ቆዩ። ዕድሉ ሲደርሳቸው ሰው ለምሳ እየተነሣ ነበር።

«አባቶቼ፣ እናንተ የሚበላበትን ቀን ነው የምትለዩት። እኔ ያሳሰበኝ የሚወልድበት ቀን ነው» አሉ።

ጥቂት ሰው አጨበጨበ። የእኔን ንግግር ለማሰማት ጊዜ አልተገኘም። ቃለ ጉባኤው «ሕዝቡ በጾም ወቅት ዓሣ እንደሚፈልግ ተረጋግጧል» ይላል።

ዓርብ

አልፈረምኩም። በባዶው ቦታ «ጉዳት አለው» ብዬ ምክንያቱን በአራት መስመር ጻፍኩ።  አቶ ይርጋ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። እውነትሽን ነው፣ ግን ይህን ይዤ የትም አልሄድም አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ የከብት እርባታ ባለሙያው በአዲስ ቅጂ ላይ ፈረመ። ዓሣ የሚያውቀው ሳህን ላይ ነው። ስለ እብናት እስካሁን ያነሣብኝ የለም።

ቅዳሜ

መመሪያው መነሣቱ ጠዋት በሬዲዮ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ አያ ሙላት ደወሉ።

«ተፈቅዷል ማለት ነው?»

«ተፈቅዷል።»

«አንቺም ፈርመሻል?»

«አልፈረምኩም።»

 ከዚያ ሰኞ መረብ እንደሚጥሉ ነገሩኝ። ወጣቶቹ ዛሬውኑ ገብተዋል፤ ሌላው ሲያወጣ እሳቸው ዳር ቆመው ማየቱን አልቻሉትም። የደወሉት እንዳልቀየማቸው ነው። አልቀየምዎትም አልኩ። ከልቤ ነበር።

ማንም ባያዘኝም ሰኞ ወርጄ የሚያዘውን ዓሣ፣ እንቁላል ያለውን ለይቼ፣ ልመዘግብ እንዳሰብኩ ነገርኳቸው። ለከርሞ ዓሣው የት ገባ ሲባል የሚታይ ወረቀት ይኑር ብዬ ነው። ከአንዱ መረብ ወደ ሌላው በታንኳቸው ሊያዞሩኝ ተስማሙ። ሊዘጉ ሲሉ፣ «የእኔንም ጻፊው። እንዳትደብቂልኝ» አሉ።

እሺ አልኩ። ሲደርስ እጄ እሺ ይለኝ እንደሆነ አላውቅም።