ቀይ የተቀቡት ማንጎዎች

መጋቢት 4፣ ጠዋት

ውሃ የለም። መብራት የለም። ትዕግሥት አለች፤ የዶርም ጓደኛዬን ማለቴ ነው፣ ሌላውማ ካለቀብኝ ቆየ። አልጋዋ ላይ ተጋድማ በስልኳ የቱርክ ፊልም ታያለች። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ነን። ድንቄም!

ስማኝ ደብተር። ከደሴ አሶሳ ድረስ የመጣሁት ማንጎ ቅጠል ላይ የሚጣበቅ ነጭ ተባይ ልቆጥር ነው። ዛሬ ወደ ባምባሲ ወርጄ ለመመረቂያ ጥናቴ የሚሆኑ ዛፎች እመርጣለሁ። አማካሪዬ ዶ/ር፣ «ምልክት አድርጊባቸው፣ ከሩቅ የሚታይ ይሁን» ብሏል። ከዚህ የተሻለ ምክር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ግንቦት ላይ ፍሬው ሲበስል እመዝናለሁ፤ ሐምሌ ላይ ተመርቄ ከዚህ አቧራ እገላገላለሁ። ደሴ ሥራ ይጠብቀኛል። እናቴ ከአሁኑ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

በዚያው ቀን፣ አመሻሽ

ሱቁ ውስጥ የተገኘው ቀለም ቀይ ብቻ። ይሁን፣ ከሩቅ ይታያል።

ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ሐሊማ አጥሯ ላይ ቀይ ኤክስ ተቀብቶባታል። መንገዱ ሊሰፋ ነው አሉ። ማሽን ገና ብቅ ሳይል ቆርቆሮዋን ራሷ አውርዳ ፀሐይ ላይ ሻይ ታፈላለች። ምን አስቸኮለሽ አልኳት። «ቀይ መጣ፣ ቤት የለም» ብላ ስኳሩን ጨመረችልኝ። አይ የዚህ አገር ሰው! ሳይገፉት ይወድቃል።

ማሳውም ላይ ያው ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ይዞኝ ሄደ፣ ከመንግሥት የመጣች ናት አለ፣ በቃ። ባለ ማንጎው በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ሽማግሌ ነው። የአገሬ ሰው፤ ታዲያ ምን ያደርጋል! እያንዳንዱ ግንድ ላይ ኤክስ ስቀባ ቆሞ ያየኛል። ምንድን ነው የለ፣ ለምን የለ፣ ማነሽ የለ። በመጨረሻ መቼ ነው አለኝ። ግንቦት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ውሃ በጣሳ አመጣልኝ፤ ጣሳውን አየሁና አልጠማኝም አልኩ። ጥያቄ የሌለው ሰው መሐል ምርምር! ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ሚያዝያ 11

ቅጠል ቆጠራ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ዶ/ር ስልክ አያነሳም፤ ቢያነሳስ ምን ሊለኝ?

የባለ ማንጎው ሚስት ገና ከሩቅ ስታየኝ በር ትዘጋለች። እኔን! ጎረቤቶቹ ደግሞ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያንሾካሹካሉ፣ ስዞር ዝም። ሥራ ፈቶች። ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጦ ቀዮቹ ብቻ ናቸው ወይ አለኝ። አዎ፣ ቀዮቹ ብቻ። አልሐምዱሊላህ አለ። ለሁሉ ነገር አልሐምዱሊላህ ነው። የስልክ ቁጥሩን ተቀብዬ ወጣሁ። በመንገድ ላይ የሚኒባሷ ጎማ ተነፈሰ። እሱም አልሐምዱሊላህ ነው እንግዲህ።

ሐምሌ፣ ሐምሌ፣ ሐምሌ።

ግንቦት 6

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ሚዛንና ሳጥን ይዤ ደረስኩ። ያልተቀቡት ዛፎች ፍሬ ተሸክመው ጎንበስ ብለዋል። ቀዮቹ ባዶ። አንድ እንኳ የለ። ጮህኩ። ማን ሰረቀው፣ ማን ነካው፣ የስንት ጊዜ ልፋቴን! ሽማግሌው ከቤት ወጣ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ።

«እኔ ነኝ ያወረድሁት፣ ልጀ። ዛፉ ሳይቆረጥ ፍሬውን እንኳ ላትርፍ ብየ ነው እንጅ።»

ማን ነው የሚቆርጠው አልኩ።

«አንች ነሽ እንጅ። መንገዱ በዚህ ሊያልፍ አይደለም? መቸ ነው ብልሽ ግንቦት አላልሽኝም?»

ጥሬውን ነው የለቀመው። ገሚሱን ለጭነት መኪና ነጂዎች በርካሽ ሰጠ፣ ገሚሱ ጓሮ ውስጥ በስብሶ ዝንብ ወሮታል። የዓመት እህላቸው የሚሸመተው በዚያ ነበር አለች ሚስቱ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ። መንገድ የለም፣ ተማሪ ነኝ፣ ተባይ ነው የማጠናው ብዬ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ግንዱ ላይ ያለውን ኤክስ አየ፣ እኔን አየ። «ታዲያ ይኸን ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለ። አልጮኸም። በጮኸብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀበሌው በሙሉ ሲያወራው ከርሟል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ተመራማሪዋ ብቻ አልሰማችም። የሐሊማን አጥር በየቀኑ እያየሁ! ምን ዓይነት ደደብ ነኝ?

ግንቦት 7

ዶ/ር ዘንድ። ቆሎ እየቆረጠመ ሰማኝ። ሳቀ። ሳቀ! ከዚያ «የአምና ተማሪ ቁጥሮች ኮምፒውተሬ ላይ አሉ፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ አድርጊና አስገቢያቸው፣ ማንም አይጠይቅሽም» አለ። በፍላሽ ሰጠኝ። ይህ ነው እንግዲህ የምሁር ወግ።

ትዕግሥት ውሰጅው ትላለች፤ ዓይኗን ከፊልሟ ሳታነሳ። እውነቱን ልንገርህ፣ ተቀበልኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የደሴን ብርድ አሰብኩ። የእናቴን ድምፅ አሰብኩ።

ግንቦት 9

ፍላሹን ከፍቼ መሙላት ጀመርኩ። ዛፍ አንድ፣ የበሰለ ፍሬ፣ ይህን ያህል ኪሎ። ዛፍ ሁለት። እዚህ ላይ ቆምኩ። የሰውየው ዛፎች ዘንድሮ አምረው አፈሩ ብዬ ልጽፍ ነው። እሱ ጥሬውን ለቅሞ እህል መሸመቻ አጥቶ ተቀምጧል፤ እኔ በሱ ማንጎ ጋውን ልለብስ። ዶ/ርን ስንቀው ከረምኩ፣ በማጭበርበር ከሱ ለመብለጥ ግን የቀረኝ ሁለት መስመር ነበር።

ፍላሹን መለስኩለት። ግትር ነሽ አለኝ፣ ለከርሞ እንገናኛለን አለኝ። ለእናቴ ደወልኩ፤ አለቀሰችና ዘጋችው። አንድ ዓመት ሙሉ አሶሳ! አቧራው፣ ጄሪካኑ፣ የቱርክ ፊልሙ፣ ጣሪያ የሌለው ሻይ ቤት። ቢሆንም እከርማለሁ፣ ወሰንኩ።

ሽማግሌው ለከርሞ ዛፎቹን ይፍቀድልኝ አይፍቀድልኝ አላውቅም። አልጠየቅሁትም። መጀመሪያ ቀለሙ ይልቀቅ። ናፍጣና የሽቦ ብሩሽ ገዝቻለሁ። አሁን ደወልኩለት፤ ስልኬ ላይ «ማንጎ ባምባሲ» ብዬ ነው የመዘገብኩት። ነገ መጥቼ ኤክሱን ልፋቅ አልኩት። ሚስቴ ሰው ስታይ ትሸበራለች፣ ከአጥር ውጭ ሆነሽ ተጣሪ አለኝ። እሺ፣ እኔ ነኝ ብዬ እጣራለሁ አልኩ።

«እኔ ማን?» አለ።

ስሜን ነግሬው አላውቅም። የሱንም ጠይቄው አላውቅም፤ አንተም ላይ ቢሆን፣ ደብተር፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ባለ ማንጎው ነው። ከድር እባላለሁ አለኝ። እኔም የእኔን ነገርኩት።