የአምስት መቶ አርባ ቀን ባለቤት

ማክሰኞ፣ የወሩ አሥራ አራተኛ ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ከፓምፕ ጥገናው በላይ ካለችው ክፍሌ

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ እግሯ አሁንም ያብጣል? እኔንም በስምንተኛው ወር እንዲሁ ያደርገኝ ነበር። እግርን ከፍ አድርጎ መቀመጥ ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። እኔ ግን ጀልባ ላይ ነበርኩ፤ ጀልባ ላይ ማን ይቀመጣል።

እኔ ደህና ነኝ። ከታች መዶሻው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል፣ አሥራ አንድ ላይ ዝም ይላል። የምደነግጠው ዝም ሲል ነው። ወለሉ የማይወዛወዝ ቤት እስካሁን አልለመድኩም።

ደብዳቤህ ደረሰችኝ። አራት መስመር ናት። «እማዬ፣ ከፈቃድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ይመጣልሻል። አዎ የሚለው ላይ ምልክት አድርገሽ፣ ፈርመሽ መልሺው። ብዙ አትጻፊ። ሥራ በዝቶብኛል።» ብዙ አትጻፊ የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኳት። አልተቆጣሁም። ተቆጥቼም ይሆናል። እንጃ።

ቅጹን በፖስታ አልመለስኩትም። ይዤው ሄድኩ።

ሦስተኛው መስኮት ላይ ያሉትን ሽማግሌ ሳታስታውሳቸው አትቀርም፤ የወደቡ ሰው ማኅተም የሚላቸውን። እግዜር ይስጣቸው፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

«እማማ፣ ለአንዲት ፊርማ ይህን ሁሉ መንገድ?»

«እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

አዲሱን ደንብ አስረዱኝ። የድሮ የካፒቴን ወረቀት ያለው ሁሉ በአዲስ መቀየር አለበት። ሲቀየርም ሰውየው ካፒቴን ከመሆኑ በፊት በረዳት መርከበኛነት የሠራቸው አምስት መቶ አርባ ቀናት አንድ በአንድ ይታያሉ። የአገልግሎት ደብተሩን የፈረመው ካፒቴን ሞቶ ከሆነ ጀልባዋ ላይ የነበረ ሰው ይመሰክራል። አባትህ ሞቷል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ፋይልህን ገለጡልኝ። «በጀልባዋ ላይ የነበሩ ሌሎች ሰዎች» ከሚለው ሥር በራስህ እጅ ጽፈሃል፦ እናት፣ ምግብ አብሳይ።

ማኅተም ፊቴን አዩና ሊያስቁኝ ፈለጉ። «ለመሆኑ ምግቡ ይጣፍጥ ነበር?»

«ያር ነበር» አልኳቸው። «ሁልጊዜ ገመድ ላይ ስለነበርኩ።»

አልሳቁም።

ያንን እሁድ ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፣ ትምህርትህን ጨርሰህ ከከተማ የተመለስክ ሰሞን። አባትህ ባዶ የአገልግሎት ደብተር ገዝቶ መጣና ከጀልባዋ ጓዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። «ያንቺን ቀን ምን ታደርጊበታለሽ? ልጁ ይውሰደው» አለኝ። ሴት ያዘዘችው ውሃ ወደ ኋላ ይፈሳል ይል አልነበር። የእኔን ደብተር በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ፈርሞልኝ አያውቅም፤ ደብተርም አልነበረኝም። የጉዞ መዝገቡን ግን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፣ እሱ መጻፍ ይሰለቸው ስለነበር። እናም ከመዝገቡ እኔ ቀኑን አነብለታለሁ፣ እሱ ባንተ ደብተር ይጽፋል፣ ይፈርማል። ጎርፉ ከአሸዋው ክምር ላይ የጣለን ቀን። ጀልባ የሚያሳልፈው የውሃ በር ተበላሽቶ ስድስት ሰዓት ገመድ ይዤ የቆምኩበት ቀን። ጣቴ በገመዱና በብረቱ መሃል ገብታ ተቆርጣ የቀረችበት ቀን። እሱንም አነበብኩለት። እሱም ያንተ ሆነ።

አንተ በሩን ተደግፈህ ዳቦ ትበላ ነበር። «እማዬ ሳትቀጠር ጡረታ ወጣች» አልክ። ሦስታችንም ሳቅን። ከሁላችሁም የበለጠ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ለልጄ ነው ብዬ ነበር። እውነትም ለልጄ ነበር። ይህችን ሰርዤያት ነበር፣ መልሼ ጻፍኳት።

አባትህን ቀብረን በአራተኛው ቀን ግን ጀልባዋን ለብረት ገዢው ሸጥካት። እኔ ልያዛት ብዬ ለመንኩህ። ምን እንዳልከኝ ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ አንተ ትረሳው ይሆናል፣ እየቸኮልክ ነበርና። «ወረቀት የለሽም እኮ እማዬ። ያለ ወረቀት ማን ያስነዳሻል?» ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። አንተ አጥሩንም ነቅለህ ሸጥከው።

ማኅተም ብዕር ሰጡኝ። «አዎ ይበሉና ይሂዱ።»

«ቀኖቹ የሱ ካልሆኑስ?»

ብዕሩን መልሰው ከእጄ ወሰዱ። «ይህን አልሰማሁም።»

ደግሜ ጠየቅኩ።

«የማን ናቸው ታዲያ?»

«የእኔ።»

«እማማ፣ አንድ ቀን ለሁለት ሰው አይሰጥም። ወይ የሱ ነው ወይ የእርስዎ።»

ከዘንቢሌ ሰባቱን የጉዞ መዝገቦች አወጣሁ። ጀልባዋን ስትሸጥ እነሱን የጠየቀኝ አልነበረም፣ አልጋዬ ሥር አኖርኳቸው። «ረዳት» በሚለው ዓምድ በየቀኑ «ሚስት» ተብሎ ተጽፏል፣ በእጄ። የትምህርት ቤትህንም ወረቀቶች አስከትዬ አወጣሁ። አንድም ቀን ሳትቀር የተማርክ ጎበዝ ልጅ ነበርክ፤ ቀኑ ሁሉ ተመዝግቧል።

ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም። ሊያድኑህ ሞከሩ። «እነዚህ ከተሰረዙ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ ወረቀት የሠራው ሁሉ አብሮ ይሰረዛል። እንደገና ከገመድ ነው የሚጀምረው። የሚኖርበትም ቤት የሥራው ቤት ነው፣ አይደል?»

«ነው።»

«ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት ሲሉ ሰማሁ።»

«ስምንት ወሯ ነው።»

የጣሪያው ማራገቢያ ይንቋቋል፤ ዘይት ቢያጠጡት ይተው ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ካፒቴን መሆን ከፈለጉ ቀኑ ብቻውን አይበቃም። ፈተናም አለ፣ የዓይን ምርመራም አለ። ዶክተሩ እዚሁ ፎቅ ላይ ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አስቀድመው እሱን ይዩት። ካለፉ ይመለሱና እንነጋገራለን። ካላለፉ እርስዎም አልነገሩኝ፣ እኔም አልሰማሁ» አሉኝ።

«አይ» አልኳቸው። «ቀኖቹን ያስቀድሙልኝ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትላለህ። በል።

ሁለት ቀን ፈጀባቸው። መስመር በመስመር ከመዝገቡ ጋር እያስተያዩ በቀይ ይሰርዙ ነበር፣ እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። አንዱ መስመር ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው እጄን አዩ። ከዚያ ሰረዙ። በሁለተኛው ቀን ማታ አምስት መቶ አርባው በስሜ ተጻፈ፣ ረዳት መርከበኛ ተብሎ። የተጻፈበትን አስነበቡኝ። ደስታ መስሎኝ ነበር የሚሰማኝ፤ የተሰማኝ ረሃብ ነው።

በማግሥቱ ዶክተሩ ዘንድ ወጣሁ። ግራ ዓይኔን ሲሸፍንልኝ እስከ መጨረሻዋ ትንሽ ፊደል አነበብኩለት። ቀኙን ሲሸፍነው ሰሌዳው ጠፋ፣ ዶክተሩም ጠፋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«አሁን ገና» አልኩት።

ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

በአንድ ዓይን ካፒቴን አይኮንም። ደንብ ነው፤ ሰው ለሚያሳፍር ጀልባ ትክክለኛ ደንብ ነው። ወደ ማኅተም ወርጄ ነገርኳቸው። «በቀይ የተሰረዘ አይመለስም፣ እማማ» አሉኝ። «ይመልሱልኝ» አላልኳቸውም።

እናም ቀኖቹ መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል። እኔ አልሠራባቸውም፣ አንተም አትሠራባቸውም።

የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሐሙስ ይወጣል። ይህችን ዛሬ በፈጣኑ ፖስታ የምልካት ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእናትህ እንድትሰማው ብዬ ነው። ለባለቤትህ ቀስ ብለህ ንገራት፣ ተቀምጣ ሳለች።

ቤቱን ልቀቁ ቢሏችሁ አትጨነቅ። ክፍሌ ትንሽ ናት፣ ግን ለክቻታለሁ። አልጋዬ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ለእናንተ ፍራሽ የሚሆን ቦታ ይተርፋል፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ለሕፃኑ። አስጠግቼዋለሁ። ያስጠጋሁት ቅጹ የመጣ ዕለት ነው፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ከመሄዴ በፊት።

ፈጣሪ ምጧን ያቅልላት። ልጃችሁ እጅና እግሩ የተሟላ ይሁን፣ እናቱን የሚሰማ ይሁን። አንተንም ከክፉ ይጠብቅህ፣ በሰላም ያግባህ።

እናትህ