ዓርብ ዓርብ ስለተበጠበጡት አርባ ጠርሙሶች

ለክቡር ዶክተር ቶርቢዮርን ሄድስትራንድ፣
የቤተ ሙከራችን ኃላፊና የሥርዓትና የጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለኮሚቴዎ አባላት፣ እንዲሁም ቁመታቸው እኩል ተከርክሞ በመስኮትዎ ላይ ለተደረደሩት አበቦች ጤና እመኛለሁ። እዚህ ስዊድን አለቃን በስሙ ብቻ መጥራት ወግ መሆኑን አልረሳሁም፤ ዛሬ ግን "ቶርቢዮርን" ብዬ ከጀመርኩ በምን እንደምጨርስ ስለማላውቅ፣ "ክቡርነትዎ" ማለቱ ለሁላችንም ይበጃል።

እንደሚያውቁት ዘይትና ውሃ ያለ አስታራቂ አብረው አይኖሩም። የተለመደው አስታራቂ፣ ማለትም ሳሙናና ዘመዶቹ፣ ውሃ የሚወድ አንድ ራስና ዘይት የሚወድ አንድ ጭራ አለው። እኔ የማጠናው መንታው፣ ጄሚናይ የሚባለው፣ ሁለት ራሶቹ በአጭር ድልድይ ተያይዘው ዘይቱን በሁለት ጭራ ስለሚጨብጥ፣ ጥቂቱ ይበቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በምግብ ቤታችን ሳህን የምታጥበው ሜርታ እጇ ተሰነጣጥቆ እየደማ፣ የምትቀባው ቅባት ሁሉ በውስጡ ባለው አስታራቂ ብዛት ይለበልባታል።

ስለዚህ ሃያ ጠርሙስ ቅባት በተለመደው፣ ሃያ ደግሞ በጥቂት መንታ ሠርቼ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚለያይ ለማየት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ሥራው አምስት ወር ሳይነኩ መጠበቅ ብቻ ነበር። በዚህ መካከል ኮሚቴዎ የዋለልኝን ውለታ በትህትና እዘረዝራለሁ፦

፩. ዓርብ ዓርብ፣ ከቡና ጋር የምንበላው የቀረፋ ዳቦ ከመቅረቡ በፊት፣ የኮሚቴዎ አባል አቶ ሩነ፣ ሳይጠሯቸው አቤት ሳይልኳቸው ወዴት ብለው፣ ጠርሙሶቼን ወልውለው በቁመት ስለደረደሩልኝ አመሰግናለሁ።

፪. ዘይቱ ተለይቶ የተንሳፈፈባቸውን እየመረጡ ስለበጠበጡልኝም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፦ "ውይ፣ እነሱማ! ላያቸው ሲያስጠላ ሁሌም እኔ ነኝ የምበጠብጥልሽ። አይዞሽ፣ ምስጋና አያስፈልግም።" በአምስተኛው ወር አርባውም ጠርሙስ ነጭ በነጭ ሆኖ ተገኘ፤ ተሸናፊው ከአሸናፊው ሳይለይ ቀረ።

፫. ክቡርነትዎም ይህንኑ ተመልክተው፣ መንታው ምንም ብልጫ አላሳየም በማለት ጥናቱ በወሩ መጨረሻ እንዲዘጋ ፈረሙ። እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቃል። ተናድጃለሁ። ሜርታ በፋሻ የታሰረ እጇን ይዛ "መቼ ነው የሚደርሰው?" ስትለኝ አፍሬያለሁ።

የምለምንዎ ፊርማዎን እንዲያነሱልኝ፣ አንድ መደርደሪያ እንዲሰጡኝና ለአምስት ወር ማንም እንዳያሳምርልኝ ነው።

በቁመት ከባልደረቦቼ ጋር ባልስተካከልም በተደረደርኩበት የምገኝ፣
ትሑት ሠራተኛዎ
ኢንገር-ሊስ ብሩንማርክ

ማስታወሻ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት ከሁለቱም ዓይነት አንድ አንድ ጠርሙስ አዘጋጅቼ በቡና ክፍሉ የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። የተለመደው በአሥራ አንደኛው ቀን ዘይቱን ተፋ፤ መንታው እስከ ዛሬ ነጭ ነው። ኮሚቴው በሙሉ ቡናውን ይዞ በየቀኑ ያያቸዋል። አቶ ሩነ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ለምነውኛል፤ ክቡርነትዎ አንድ ጊዜ።