ከዘይት ፋብሪካው ሥር የወጣው የወይን ጠጅ ጓዳ

ውድ እህቴ እትዬ ራዶይካ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ያ ከባሕር የሚመጣው ንፋስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳሻል? ባለቤትሽ ስቴቫንስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ሚርያና ሆዷ ገፍቶ እንኳ አርፈሽ ተቀመጪ ብላት እምቢ ብላ፣ ለክረምት የሚሆን ቀይ ቃሪያ ስትጠብስ ሰነበተች። ቤቱም ልብሴም ቃሪያ ቃሪያ ይሸታል።

በስልክ “ከአለቃህ ጋር ተጣላህ አሉ” ስላልሽኝ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። መሥሪያ ቤታችን እዚህ የሱፍ ዘይት ፋብሪካ እየገነባ ነው። የእኔ ሥራ ውሉን መከታተል ነው፤ ሥራው ሲለወጥ ወይም ያልታሰበ ነገር ሲገጥመን ተጨማሪ ክፍያና ጊዜ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ለትልቁ ጎተራ መሠረት ስንቆፍር፣ ኤክስካቫተሩ በአንድ ጎኑ ስምጥ አለ። ነጂው ዘሎ ወርዶ አማተበ። ብናይ ከሥሩ በጡብ የተሠራ የድሮ የወይን ጠጅ ጓዳ ኖሯል! በፕላኑ ላይ የለም፤ የሚያውቀውም ሰው አልነበረም። ሠራተኞቹ ጠርሙስ ፍለጋ ተሻምተው ገቡ፤ ያገኙት ግን አንድ የበሰበሰ በርሜልና እንቁራሪት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ከመሬት ሥር ከተገኘ ወጪው የአሠሪው፣ ማለትም የፋብሪካው ባለቤት ነው ይላል ውላችን። ግን ቶሎ ማሳወቅ አለብን፤ አሠሪው ሳያየውም መድፈን አይቻልም። አለቃዬ ጋሽ ድራጊሻ ግን ሌላ ሐሳብ መጣላቸው። ከዚያ በፊት ክሬናችን ተሰብሮ የባከነውን ጊዜ “ከጓዳው ጋር ደባልቀህ ጠይቅ” አሉኝ።

“ክሬኑን የሰበርነው እኮ እኛው ነን” ብላቸው፣ “ቦጎሉብ፣ አንተ የማን ቅጥረኛ ነህ? የጠየቅነውን እንደሆነ እነሱ ግማሹን ይቆርጡታል! እጥፍ አድርገህ ጠይቅ!” ብለው ጠረጴዛውን ደለቁት።

እትዬ፣ እርጉዝ ሚስት ይዤ ሥራ መፍታት ታየኝ። ቢሆንም፣ “እሱን የሚፈርም ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ እኔ የጓዳውን ብቻ ነው የምጠይቀው” አልኳቸው። “እንግዲያው ከከለከሉን አንተም ዕቃህን ሸክፍ!” አሉኝ።

የጓዳውን ጥያቄ ብቻ ጽፌ ላክሁ፤ በማግሥቱ የአሠሪው መሐንዲስ ወይዘሮ ዝላታ መጡ። ቀድሞ አንድ ተቋራጭ በሐሰት የክፍያ ጥያቄ አታሏቸው ስለነበር ማንንም አያምኑም። መሰላል አስመጥተው በንጹሕ ጫማቸው ጓዳው ውስጥ ወረዱ። ግድግዳውን ሁሉ ዳስሰው ከጨረሱ በኋላ፣ ከታች ሆነው “የተሰበረውን ክሬንስ ጥያቄው ውስጥ የት ሸጎጥከው?” ሲሉ ጮሁብኝ።

“እሱ የእኛ ጥፋት ነው፤ አልጠየቅንበትም” አልኳቸው።

ሳቃቸውን ለቀቁት። “ከተቋራጭ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅ! መሰላሉን ጠበቅ አድርገህ ያዝልኝ፣ ልወድቅ ነው!” አሉኝ።

በዚያው ሳምንት የለውጥ ትዕዛዙን ፈርመው ላኩ፤ ክፍያውም ጊዜውም አንድ ሳይቆረጥ ተፈቀደ። አሁንማ በር እንኳ ማዛወር ሲፈልጉ አስቀድመው በጽሑፍ ያዝዙናል።

ጋሽ ድራጊሻ ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ አንቺም ታውቂያቸዋለሽ። እንዲያውም አርማታው የተሞላ ዕለት በተደረገው ድግስ ለእንግዳው ሁሉ “ይህን ልጅ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ” እያሉ ሲያወሩ ዋሉ። በጉ ተጠብሶ ሲወርድ ግን፣ ለማንም ሰጥተውት የማያውቁትን ቢላዋ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩትና “በል ቁረጥልን” አሉኝ።

ለስቴቫን ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ታማራን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ለትንሹ ኡሮሽ ደግሞ አጎትህ ኳስ ይገዛልሃል በዪልኝ። ሚርያናና እናቷም ናፍቀውሻል።

ወንድምሽ ቦጎሉብ
ሶምቦር፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2012